የገዛ እጁን ጽሑፍ ያረመ ሰው
የቤንጃሚን ፍራንክሊን የሕይወት ታሪክ

ከመካከላችን ድርሰቱን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ የሚያነብ ስንቱ ነው? ብዙዎቻችን የመጨረሻዋን አራት ነጥብ ካስቀመጥን ሥራው ያለቀ ይመስለናል። ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ የት እንደሚገባ ማሰብን የአራሚ ሥራ እናደርገዋለን፤ ፊደል ቢገደፍም አንባቢው አሳባችንን ይረዳዋል ብለን እናልፋለን። አሳቡ ትልቅ ከሆነ ነጥቡ ምን ያደርጋል የሚልም አይጠፋም። እንዲህ ለሚል ጓደኛችን የአንድ ሰው ታሪክ ልናስታውሰው እንወዳለን። ይህ ሰው የመብረቅን ጠባይ የመረመረ፣ የአሜሪካን የነፃነት መግለጫ ከፈረሙት አንዱ የሆነ፣ አገሩንም ወክሎ በፈረንሳይ ቤተ መንግሥት የቆመ ነው። ይህን ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን ፊደል ለቃሚ ነበረ፤ የጽሑፍን ሥራ የጀመረውም ከነጥብና ከሰረዝ ተነሥቶ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤንጃሚን ፍራንክሊን በጃንዋሪ 17 ቀን 1706 ዓ.ም. በቦስቶን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሻማና ሳሙና እየሠራ የሚሸጥ ሰው ሲሆን ከሁለት ሚስቶች 17 ልጆች ወልዶ ነበር፤ ቤንጃሚንም ከወንዶቹ ልጆች የመጨረሻው ነው። ትምህርት ቤት የቆየው ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው። ዐሥር ዓመት ሲሆነው አባቱ አስወጥቶ የሻማ ክር እንዲቆርጥና ሱቅ እንዲጠብቅ አደረገው። ልጁ ግን ሻማውን ጠላ፤ መርከበኛ ለመሆንም ይመኝ ነበር። አባቱም ልጁ ባሕር እንዳይበላው ስለ ፈራና መጽሐፍ የሚወድ መሆኑን ስለ ተመለከተ፣ በ1718 ዓ.ም. የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ማተሚያ ቤት ለከፈተው ለታላቅ ወንድሙ ለጄምስ በውል ሰጠው። ውሉ 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ወንድሙን እንዲያገለግል የሚያስገድድ ነበር።

በዚያ ዘመን ፊደል ለቃሚ ማለት ቆሞ የሚውል ሠራተኛ ነው። ከፊቱ ብዙ ክፍል ያለው ሣጥን ይቀመጣል፤ በየክፍሉ ከእርሳስ የተሠሩ ፊደሎች ተለይተው ይቀመጣሉ። ሠራተኛው አንድ በአንድ እየለቀመ በእጁ በያዘው መደርደሪያ ላይ መስመር ያበጃል። ፊደሎቹ እንደ መስተዋት ውስጥ ምስል የተገለበጡ ስለ ሆኑ፣ ሠራተኛው ጽሑፉን በግልባጭ ማንበብን መልመድ አለበት። እንግዲህ ነጠላ ሰረዝም እንደ ማንኛውም ፊደል የራሷ ክፍል አላት፤ እጅ ካላነሣት በራሷ መጥታ አትገባም። ደራሲዎች ደግሞ የእጅ ጽሑፋቸውን ነጥቡን ሳያሟሉ ያመጡ ስለ ነበረ፣ ሰዋስዉንና ነጥቡን ማቃናት ብዙ ጊዜ በለቃሚው ላይ ይወድቅ ነበር። ከዚህ በኋላ አንድ ቅጠል ለእርማት ይታተማል፤ የተሳሳተው ፊደል በወስፌ ተነቅሎ ትክክለኛው በቦታው ይገባል። ቤንጃሚን የአረፍተ ነገርን አጥንት ያወቀው እንዲህ በጣቱ እየዳሰሰ ነው።

ብዙ ጊዜ ሳይቆይ አንድ ነገር ሆነ። ቤንጃሚን ጆን ኮሊንስ የሚባል መጽሐፍ ወዳድ ጓደኛ ነበረው። ሁለቱ ሴቶች ልጆች ከፍ ያለ ትምህርት ሊማሩ ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም በሚል ነገር ተከራከሩ። ቤንጃሚን ይገባቸዋል የሚለውን ወገን ያዘ። ከተለያዩም በኋላ ክርክሩን በደብዳቤ ቀጠሉ። አባቱ ደብዳቤዎቹን በአጋጣሚ አግኝቶ አነበበና ልጁን ጠርቶ አነጋገረው። ስለ ክርክሩ ፍሬ ነገር ምንም አልተናገረም፤ ስለ አጻጻፉ ብቻ መከረው። በፊደል አጣጣልና በነጥብ አገባብ ከኮሊንስ እንደሚበልጥ፣ ይህም የማተሚያ ቤቱ ሥራ የሰጠው ጥቅም እንደ ሆነ ነገረው። ነገር ግን በቃላት ውበት፣ አሳብን በተራ በማስከተልና በግልጽነት ከጓደኛው ብዙ የሚያንስ መሆኑን ከደብዳቤው እያወጣ አሳየው። ልጁ አልተቆጣም፤ አባቱ እውነት መናገሩን ተቀበለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አጻጻፉን ለማሻሻል ቈረጠ።

ይሁን እንጂ አስተማሪ አልነበረውም። በሎንዶን በ1711 እና በ1712 ዓ.ም. ይወጣ የነበረው ስፔክቴተር የተባለው ጋዜጣ ተጠርዞ ከታተመው መካከል አንድ ጥራዝ አገኘና ገዛ። አጻጻፉንም እጅግ ወደደው። ያደረገውም እንዲህ ነው። ከጋዜጣው አንድ ጽሑፍ መርጦ የየአረፍተ ነገሩን አሳብ በአጭር በአጭሩ ይመዘግባል። መጽሐፉን ዘግቶ ጥቂት ቀን ያሳልፋል። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ሳያይ፣ ማስታወሻውን ብቻ ይዞ ጽሑፉን በራሱ ቃል እንደገና ይጽፋል። ሲጨርስ መጽሐፉን ገልጦ ያስተያያል፤ ስሕተቱንም እያገኘ ያርማል። የቃል ድህነት እንዳለበት ባየ ጊዜ ታሪኮቹን ወደ ግጥም ይለውጥና፣ ቈይቶ ግጥሙን መልሶ ወደ ዝርው ያመጣዋል፤ ግጥም ቤት ለመምታትና ልክ ለመጠበቅ ሌላ ሌላ ቃል ፈልጎ ማግኘትን ያስገድዳልና። አሳብን በተራ ማስከተልን ለመማር ደግሞ ማስታወሻዎቹን ያደባልቃቸውና፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ይደረድራቸዋል።

ይህን የሚያደርገው መቼ ነው ቢባል፣ ማታ ከሥራ በኋላ፣ ጠዋት ከሥራ በፊትና እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ በሚገባው ሰዓት ነው። መጽሐፍ መግዣም ያገኘው ከሆዱ ነው። ሥጋ መብላትን ትቶ ወንድሙ ለምግቡ ከሚያወጣው ገንዘብ ግማሹን በእጁ እንዲሰጠው ተስማማ፤ ከዚያም ግማሽ ሌላ ግማሽ አተረፈ። ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ እርሱ በማተሚያ ቤቱ ቀርቶ በቁራሽ ዳቦና በጥቂት ዘቢብ ምሳውን ይጨርስና ቀሪውን ሰዓት ያነብበታል።

በ1722 ዓ.ም. የ16 ዓመት ልጅ ሳለ ሥራውን በሰው ፊት ሊፈትን አሰበ። ወንድሙ ጋዜጣ ያትም ነበር፤ የታናሹን ጽሑፍ ግን እንደማይቀበል ያውቃል። ስለዚህ የእጁን ጽሕፈት ለውጦ፣ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የጻፈችው አስመስሎ ደብዳቤ አዘጋጀና ሌሊት በማተሚያ ቤቱ በር ሥር አስገባው። ወንድሙና ጓደኞቹ አንብበው አደነቁ፤ ጸሐፊው ማን ይሆን እያሉ የሚገምቱትም የከተማውን የተማሩ ሰዎች ነበር። ልጁ በአጠገባቸው ፊደል እየለቀመ ይሰማቸዋል። እንዲህ አድርጎ 14 ደብዳቤዎች አሳተመ። ምስጢሩ ሲወጣ ወንድሙ ደስ አላለውም። ጠባቸው እየበረታ፣ ዱላውም እየበዛ ሄደ። በመጨረሻ በ1723 ዓ.ም. ቤንጃሚን ውሉን አፍርሶ ኮበለለ፤ በ17 ዓመቱም ፊላዴልፊያ ገባ።

በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሎንዶን ተሻገረና በታላላቅ ማተሚያ ቤቶች ሠራ። እዚያ የአንድ ፈላስፋን መጽሐፍ ፊደል ሲለቅም ክርክሩ ደካማ መሰለውና በ1725 ዓ.ም. መልስ ጻፈ። በጎና ክፉ የሚባል ልዩነት የለም ወደሚል የሚያደርስ ትንሽ መጽሐፍ ነበር፤ 100 ያህልም አተመ። ፊደሉም ነጥቡም የተስተካከለ ነው፤ አሳቡ ግን በሚገባ ያልታሰበበት ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተጸጽቶ በእጁ የቀሩትን አቃጠላቸው። የጣት እርማት የአእምሮን እርማት እንደማይተካ የተማረው በዚህ ነው።

በ1726 ዓ.ም. ወደ ፊላዴልፊያ ተመለሰ፤ በ1728 ዓ.ም. ከአንድ ባልደረባው ጋር የራሱን ማተሚያ ቤት ከፈተ፤ በ1729 ዓ.ም. ደግሞ ፔንሲልቬንያ ጋዜት የተባለውን ጋዜጣ ገዛ። በዚያ ሰሞን የመንግሥቱን ጽሑፎች የሚያትመው ሌላ አታሚ ነበር። ይህ ሰው የሸንጎው አባሎች ለአገረ ገዢው ያቀረቡትን አንድ ጽሑፍ በስሕተት የተሞላና ያልተዋበ አድርጎ አተመው። ፍራንክሊን አቤቱታ አላቀረበም፤ ሰውየውንም አላማም። ያንኑ ጽሑፍ ስሕተቱን አርሞና አሳምሮ እንደገና አተመና ለእያንዳንዱ የሸንጎ አባል አንድ አንድ ላከላቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ሥራው ለፍራንክሊን ተሰጠ። ነጥብ ምን ያደርጋል ለሚለው ጓደኛችን አንደኛው መልስ ይኸው ነው።

ፍራንክሊን ግን ራሱ ከስሕተት የራቀ አልነበረም። በ1730 ዓ.ም. ጋዜጣው ስለ አንድ አገረ ገዢ በሎንዶን መስተንግዶ ሲያወራ፣ ከአንድ ቃል አንዲት ፊደል ተገደፈች። በእንግሊዝኛ «ተመገበ» እና «ሞተ» የሚሉት ቃላት የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ስለ ሆነ፣ ገዢው ከጓደኞቹ ጋር በታወቀ ምግብ ቤት በክብር ሞተ የሚል ዜና ወጣ። ፍራንክሊን ስሕተቱን አልሸሸገውም። በሚቀጥሉት ቀኖች በዚሁ በጋዜጣው ስለ አታሚዎች ግድፈት የሚያስቅ ጽሑፍ አወጣ። በአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ እትም ላይ ከዐሥሩ ትእዛዛት አንደኛው «አት» የሚለውን ክልከላ አጥቶ ዝሙትን የሚያዝ ሆኖ መታተሙንም በዚያ አስታወሰ። ሰው ስሕተቱን ራሱ ካወጣው ሌላው የሚያወጣበት ምክንያት አይኖርም።

ይህ የአታሚነት ልማድ ወደ ኑሮው ገባ። ገና በ22 ዓመቱ ለራሱ የመቃብር ጽሑፍ አዘጋጅቶ ነበር፤ በዚያም ሥጋውን እንዳረጀ የመጽሐፍ ሽፋን ቈጥሮ፣ ወደ ፊት በደራሲው እጅ ታርሞ በአዲስ እትም እንደሚወጣ ያለውን ተስፋ ገለጸ። ኋላም የ13 መልካም ጠባዮችን ዝርዝር አውጥቶ በትንሽ ደብተር ለየአንዳንዱ ገጽ ሰጠ፤ በቀይ ቀለም ለሰባቱ ቀኖች ሰንጠረዥ አሰመረ፤ በወደቀበት ቀን ጥቁር ነጥብ ያደርግ ነበር። አንዱን ጠባይ በአንድ ሳምንት እየያዘ በ13 ሳምንት ዙሩን ይጨርሳል፤ በዓመት አራት ጊዜም ይመላለሰዋል። ከሁሉ ያስቸገረው ሥርዓት የሚለው ነበር፤ ዕቃንና ጊዜን በቦታው ማድረግ እስከ ሽምግልናው አልሆነለትም።

በ1776 ዓ.ም. የነፃነቱን መግለጫ እንዲያዘጋጁ ከተመረጡት አምስት ሰዎች አንዱ ፍራንክሊን ሆነ። ረቂቁን የጻፈው ቶማስ ጄፈርሰን ነው። ጉባኤው ረቂቁን ቃል በቃል እየመረመረ ብዙውን ሲሰርዝ ወጣቱ ደራሲ ተናደደ። በአጠገቡ የተቀመጠው የ70 ዓመቱ ፍራንክሊን የሚከተለውን ታሪክ አጫወተው፤ ታሪኩን ኋላ የጻፈው ጄፈርሰን ራሱ ነው። አንድ ባርኔጣ ሠሪ ለሱቁ ማስታወቂያ አዘጋጀ። ስሙን፣ ባርኔጣ ሠሪ መሆኑን፣ ባርኔጣ እንደሚሠራና በእጅ በእጅ እንደሚሸጥ ጽፎ በሥሩ የባርኔጣ ሥዕል አደረገበት። ለወዳጆቹ ቢያሳያቸው አንዱ የሙያው ስም ተደጋግሟል አለው፤ ሌላው ማን እንደ ሠራው ገዢው አይጠይቅም አለው፤ ሦስተኛው በዱቤ የሚሸጥ ስለሌለ በእጅ በእጅ ማለት አያስፈልግም አለው፤ አራተኛው በነፃ ትሰጣለህ ብሎ የሚጠብቅ የለም አለው። በመጨረሻ የቀሩት ስሙና ሥዕሉ ብቻ ሆኑ።

ጨዋታው ያስቃል፤ ትምህርትም አለው። ነገር ግን በዚያ ጉባኤ ከተሰረዙት ክፍሎች አንዱ የባሪያ ንግድን የሚያወግዘው ቃል ነበር። የተሰረዘው ቃል የተደጋገመ ስለ ሆነ አይደለም፤ ባሮች ያሏቸውንና በንግዱ የሚጠቀሙትን ስላላስደሰተ ነው። እንግዲህ ማሳጠር ሁሉ እርማት አይደለም፤ አንዳንዱ ማሳጠር እውነትን መግደፍ ነው።

እዚህ ላይ የፍራንክሊንን ትልቅ ስሕተት ማንሣት ግዴታችን ነው። በ1771 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የሕይወት ታሪኩን መጻፍ ሲጀምር ወረቀቱን ለሁለት አጥፎ በአንዱ ወገን ብቻ ጻፈ፤ ሁለተኛውን ለእርማትና ለጭማሪ ባዶ ተወው። በዚህ መጽሐፍ በወጣትነቱ ያጠፋውን ሁሉ በአታሚዎች ቋንቋ ግድፈት እያለ ዘረዘረ። የወንድሙን ውል ማፍረሱን፣ የሰው ገንዘብ ማጥፋቱን፣ ያቺን የሎንዶን መጽሐፍ ማተሙን ጻፈ። አንድ ነገር ግን በዝርዝሩ አልገባም። ፍራንክሊን ባሮች ነበሩት፤ ጋዜጣውም ባሮች ሊሸጡ መሆኑንና የኮበለሉ ባሮች እንዲያዙ የሚናገሩ ማስታወቂያዎችን እየተከፈለው ያትም ነበር። እርሱ ራሱ ከጌታው ኮብልሎ ሰው የሆነ ሰው ነው። በ1757 ዓ.ም. ወደ ሎንዶን ሲሄድ ካስከተላቸው ሁለት ባሮች አንዱ ኪንግ የሚባለው በእንግሊዝ አገር ኮበለለ፤ ቆይቶም አንዲት እመቤት ዘንድ ተጠግቶ ማንበብና መጻፍ ሲማር ተገኘ። በየገጹ ዳርቻ የእርማት ቦታ የሚተው ሰው በዚህ ነገር ላይ ዓይኑ ሳያርፍ አያሌ ዓመታት አለፉ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚለው ተረት ለታላላቆችም ይሠራል።

ይሁን እንጂ እርማቱ ዘገየ እንጂ አልቀረም። በ1763 ዓ.ም. በፊላዴልፊያ የጥቁር ልጆችን ትምህርት ቤት ጐብኝቶ፣ ልጆቹ በማስተዋል ከነጮቹ እንደማያንሱ በዓይኑ አየ፤ የቀድሞ አስተያየቱም ስሕተት እንደ ነበረ በደብዳቤ ጻፈ። በ1787 ዓ.ም. ባርነትን ለማስወገድ በፔንሲልቬንያ የቆመው ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። በፌብሩዋሪ 1790 ዓ.ም. ባርነት እንዲቀር የሚጠይቀውን የማኅበሩን ልመና ፈርሞ ለአሜሪካ ምክር ቤት ላከ። ምክር ቤቱ ሥልጣን የለኝም ብሎ ቢያልፈው፣ ፍራንክሊን በማርች ወር የመጨረሻ ጽሑፉን በጋዜጣ አወጣ። የባርነት ደጋፊዎችን ክርክር ወስዶ፣ የተያዙ ክርስቲያኖችን ባሪያ አድርጎ በሚገዛ አንድ የአልጄርስ ሹም አፍ አስገባውና ከንቱነቱን አሳየ። የመጀመሪያ ጽሑፉን በሌላ ሰው ስም እንደ ጀመረ የመጨረሻውንም እንዲሁ ጨረሰ።

ከዚህ ሁሉ መካከል ነጥብን አልረሳም። በዲሴምበር 1789 ዓ.ም. የ83 ዓመት በሽተኛ ሽማግሌ ሳለ ለመዝገበ ቃላት ደራሲው ለኖኅ ዌብስተር ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። በዚያም የእስፓኝ አታሚዎች የጥያቄን ምልክት በአረፍተ ነገሩ መጀመሪያም ማድረጋቸውን አመሰገነ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሰው የሚያነብ ሰው ምልክቱን መጨረሻ ላይ ብቻ ካገኘው፣ ጥያቄ መሆኑን ሳያውቅ ስለሚጀምር ድምፁን ያበላሻል የሚል ነው ምክንያቱ። ግሥ መጨረሻ ላይ በሚመጣበት ባማርኛችን በጉባኤ ፊት ቆሞ ያነበበ ሁሉ ይህ ነገር እውነት መሆኑን ያውቃል። ለፍራንክሊን ነጥብ ጌጥ አልነበረም፤ ለአንባቢው ትንፋሽ ማሰብ ነበር።

ፍራንክሊን በኤፕሪል 17 ቀን 1790 ዓ.ም. በ84 ዓመቱ ሞተ። በኑዛዜው ከሹመቱ ሁሉ አስቀድሞ ራሱን አታሚ ብሎ ጠራ። በወጣትነቱ ያዘጋጀው ያ ያማረ የመቃብር ጽሑፍ በድንጋዩ ላይ አልተቀረጸም፤ በኑዛዜው ያዘዘው የእርሱና የሚስቱ ስም ከዓመቱ ጋር ብቻ እንዲጻፍ ነው። ልክ እንደ ባርኔጣ ሠሪው ማስታወቂያ፣ ስም ብቻ ቀረ።

እኛም ከእርሱ የምንወስደው ሥራ በእጃችን ያለ ነው። የጻፍነውን ጥቂት ቀን አሳድረን እናንብበው፤ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናንብበው፤ ትንፋሻችን የሚቆምበትን ቦታ ለሰረዙና ለነጥቡ እንስጠው። እንደ አባቱ ያለ እውነቱን የሚነግረን ወዳጅ ፈልገን እናሳየው፤ ሲነግረንም አንቈጣ። ከገጹ አንድ ወገን ለእርማት ባዶ እንተው። በዚያ ባዶ ወገን ላይም የተገደፈውን ፊደል ብቻ ሳይሆን፣ ለመጻፍ ያልደፈርነውንም ነገር እንፈልግበት።